ሁለት ክር ያዩበት ቀን

ለተከበሩ መምህሬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ እትዬስ ደህና ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልዎት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሦስት ጊዜ ደወልኩልዎት፣ አላነሱም። በአራተኛው እትዬ አንስተው «ልጄ፣ ስምሽን ሲሰማ ፊቱን ያዞራል፤ ምን አድርገሽው ነው?» አሉኝ። ደብዳቤ እንኳ እንደ ስልክ ጆሮ ላይ አይዘጋም ብዬ ነው መጻፌ።

አስቀድሜ የዚያን ቀን ቀዶ ሕክምና ያደረግንላትን የሾፌሯን ነገር ልንገርዎት። ዓይኗ ያያል። ፋሻውን ፈታሁላት። ጣቶቼን ዘርግቼ «ስንት ናቸው?» ስላት «ሦስት፤ አንዱንም ጥፍር ቀለም አልነካውም» አለችኝ። ወደ ውጭ ተገፍቶ የነበረው ዓይኗ ወደ ጎድጓዳው ተመልሷል። ከኋላው የወጣው ዕጢም ክፉ አይደለም ተብሏል።

አሁን ወደዚያ ቀን። ከወር በፊት ጀምሮ አይቼዎት ነበር። ጠዋት ደህና የነበረው የግራ ዓይንዎ ቆብ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ነርሶቹ «ሐኪሙ ቆሞ መተኛት ለመደ» እያሉ ሲሳሳቁ እኔም አብሬ ስቄአለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ሠላሳ ዓመት የሌላውን ሰው ቆብ ሲያነሳ የኖረን ሰው «የእርስዎስ?» ማለት ድፍረት መሰለኝ።

የሾፌሯን የዓይን ጎድጓዳ የጎን አጥንት ከፍተን ዕጢው ጋ ስንደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። አንገትዎን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረጉ። ከዚያ አንድ ዓይንዎን ጨፈኑ። መቀስ ይዤ ትእዛዝዎን ስጠብቅ «ሁለቱንም ክር ቁረጪ» አሉኝ።

መምህሬ፣ ክሩ አንድ ነበር።

ሁለተኛውን ፍለጋ ዓይኔ ተንከራተተ። የለም። በዚያው ቅጽበት መቁረጫዎ ዕጢውን አልፎ ወደ ዕይታዋ ነርቭ ሲያመራ አየሁና እጅዎን አፈፍ አድርጌ ያዝኩ። «ልቀቂኝ!» አሉኝ። አልለቀቅኩም። ማደንዘዣ ሰጪው ከወንበሩ ተነሳ። ወደ ጆሮዎ ጠጋ ብዬ «ሁለት እያዩ ነው» አልኩዎት። ትኩር ብለው አዩኝ። ሁለት ሆኜ ታይቼዎት ከሆነ፣ የትኛዋን እንደጠሉ እንጃ። ጓንትዎን ወርውረው ወጡ።

ቀሪውን፣ ሲስተር ላቤን እየጠረገችልኝ፣ ያስተማሩኝን በልቤ እየደገምኩ ብቻዬን ጨረስኩ።

የሆስፒታሉ ኮሚቴ ለምን ጥለው እንደወጡ ሲጠይቀኝ፣ «ጓንታቸውን የበከልኩት እኔ ነኝ፣ ተናደው ነው» አልኩ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። እርስዎም «ወንበሬን ፈልጋ ነው» ማለትዎን ሰማሁ። ይበሉ።

ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት ዕቃዎን ላስቀምጥ ቢሮዎ ገብቼ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የእጅ መስታወት አገኘሁ፤ ከትንሿ ማቀዝቀዣ ውስጥ ደግሞ ውሃ ተሞልቶ አፉ የታሰረ፣ ድንጋይ የሆነ ጓንት። ዘዴውን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ የወረደ ቆብ ላይ ሁለት ደቂቃ በረዶ ያዢበት፣ ቆቡ ቀና ካለ ሕመሙ ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበት ቦታ ነው፣ ያንን የሚረዳው መድኃኒት እንጂ ምላጭ አይደለም ብለውኛል። ሌላ ሰው ሳያየው በረዶውን መታጠቢያው ውስጥ አቀለጥኩት። ከመቼ ጀምሮ በራስዎ ላይ ሲሞክሩት እንደነበር አልጠይቅዎትም።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ለቀዶ ሕክምና በስምዎ ተይዛለች፤ ከተወለደች ጀምሮ የዓይን ቆቧ የወደቀ። እናቷ «ከእሳቸው እጅ በቀር አላምንም» ብላለች። ጠዋት ነው፣ ጠዋት ደህና ነኝ እንደሚሉ አውቃለሁ። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ። ሊታከሙ ከመጡ፣ ስምዎን ሳልጠራ የነርቭ ሐኪሙን አናግሬዋለሁ፤ እጅዎን ይዤ እወስድዎታለሁ። ጓንት ሊያጠልቁ ከመጡ ግን ለኮሚቴው የዋሸሁትን እዚያው፣ በሰው ፊት አፈርሰዋለሁ። ከአባቴ ቀጥሎ የምወደው እርስዎን ነው። ልጅቷ ግን ያሏት ዓይኖች ሁለት ብቻ ናቸው።

ለእትዬ ምንም አልተነፈስኩም፤ መንገሩ የእርስዎ ነው።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ የዓይንዎን ብርሃን አይንሳዎት። ፊደሉን አተልቄ የጻፍኩት ምናልባት ከሰዓት በኋላ ከደረሰዎት ብዬ ነው፤ አንዱን ጨፈን አድርገው ያንብቡት።

እጅዎን የያዘችው ተማሪዎ