ጋሼን ያዳነ ስህተት

ውድ አሚር፣

አያዘገዩም! አንተ ነህ የምትቸኩለው እንጂ ጋሼ አያዘገዩም። ይሄን በቴሌግራም ልነግርህ ስል ብሎክ አድርገኸኛል፤ ይኸው በዚህ ዘመን ከደብተር ገንጥዬ ደብዳቤ አስጻፍከኝ። «ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንደዛ ስለሚባል ነው፤ ምንም አይሰማህ።

ደሞ ከመርሳ ወልድያ ስንት ነው? ሚኒባስ ውስጥ አንድ ማንጎ በልተህ ሳትጨርስ ትደርሳለህ። ባሕር የተሻገርክ አትምሰልብኝ። ዩኒቨርሲቲ ከገባህ አራት ወርህ፣ ጭራሽ ተንታኝ ሆነህ ቁጭ! ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ቫልሞራ የሚባሉትን ሰባቱን ጌሞች ከምርጥ እስከ ቆሻሻ ደረደርክ፤ አምስተኛውን ጭራ ላይ አስቀምጠህ ምን ብለህ ጻፍክ? «የሽማግሌ ማዘያ። ይሄን የሚወድ እንግሊዝኛ ያልገባው ብቻ ነው።» ስድሳ ሰው ሳቀልህ። የሰፈራችን ብሩክ ከሥር ገባና «መቅዲ፣ ተጠርተሻል» ብሎ ጻፈ። ሲጠሩኝ ደሞ እመጣለሁ።

ሌሎቹ ስድስቱ ምንድናቸው እስቲ? ሰይፍ ታነሳለህ፣ ትገድላለህ፣ ወርቅ ትለቅማለህ፣ ትልቅ ሰይፍ ትገዛለህ፣ ትልቅ ጭራቅ ትገድላለህ። ስድስት ጊዜ! ዘንዶው ቀለም ይቀይራል፣ ሌላው ያው ነው። አምስተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ ይሰጡህና ከተራራው አውርደህ ከአራተኛው ወንዝ ማዶ ልጃቸው ቤት አድርስ ይሉሃል። አለቀ። ፈረስ የለም። ሰውየው አይዋጉም፤ ይደክማቸዋል፣ ይቀመጣሉ፣ ያወራሉ። በቃ የዓለም ጌመር ሁሉ ተነስቶ ተሳደበ። የዓለም ጌመር አያቱን ይዞ ከሲሪንቃ መርሳ በእግሩ መጥቶ አያውቅማ!

ጌሙ «ስማቸውን ጻፉ» ሲለን «ጋሼ» ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ። ጋሽ ደሞዜ ራሳቸው፣ የጌም ቤቱ ባለቤት፣ ከኋላችን ቆመው «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ቲቪ ነው እንዴ አንቱ የምትሉት?» ሲሉን፣ ሳትዞር «ሽማግሌ ናቸዋ!» ያልክስ ማን ነበር? ያ ልጅ የት ገባ? ዶርም ውስጥ አስረኸው ነው?

ደሞ ስለ እንግሊዝኛ እናውራ፤ አንተ ነህ ያነሳኸው።

የመጀመሪያው መንደር ላይ ጋሼ ዛፍ ሥር ቁጭ አሉ። ስክሪኑ ላይ «ሴቭ?» የሚል ወጣ። እኔ ከዘጠነኛ ያቋረጥኩ፣ አንተ በእንግሊዝኛ ከክፍል አንደኛ። «ምን እያለ ነው?» አልኩህ። ደረትህን ነፍተህ «ሴቭ ማለት ማዳን ነው። ልታድኛቸው ትፈልጊያለሽ ወይ እያለሽ ነው» አልከኝ።

«ይሄም ይጠየቃል እንዴ!» ብዬ አዎን ተጫንኩ። ስክሪኑ ጨለመ፣ ነጋ፣ ጋሼ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ።

«አየሽ? ዳኑ» አልክ። ሐኪም መስለህ!

ከዛ ወዲያ ባገኘነው ዛፍ ሁሉ አዳንናቸው። አስራ አንድ ዛፍ።

ባለፈው ሳምንት የጋሽ ደሞዜ ልጅ ሃና ይሄን ስነግራት መሬት ላይ ተንከባለለች። «መቅዲ፣ ሴቭ እኮ የደረስሽበትን ማስቀመጥ ነው! ሰው ማዳን ነው ያለሽ ማነው?» አለችኝ። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ፍራፍሬዬን ዘርግቼ ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። ፓፓያ የጠየቀኝን ሰውዬ ብርቱካን ሰጥቼዋለሁ።

ገባህ? እንግሊዝኛ የሚችለው ሁሉ «ሁለት እርምጃ ሄጄ ምኑን ነው የማስቀምጠው?» እያለ ዛፎቹን ዘለለ። ጋሼ ደሞ የሚያርፉት እዛ ብቻ ነው። ብሩክ ሳያሳርፋቸው ሦስተኛው ወንዝ ላይ ደክመው ሞቱበት። «ጌሙ ተበላሽቷል» ብሎ ተነስቶ ሄደ። ሌሎቹም ገደሏቸውና የቀረውን መንገድ ብቻቸውን ሄዱ፤ ከዛ «የሚያወራ የለም፣ ይደብራል» ብለው ጻፉ። የሚያወራውን ገድለኸው ማን ያውራህ?! ደደቦች! በትክክል የተጫወትነው እኛ ነን፤ አንተ «ሴቭ»ን ስለማታውቅ። በዕድሜህ ከሠራኸው ሁሉ ቆንጆው ያ ስህተትህ ነው፤ አሁን ለስድሳ ሰው ሳቅ ሸጥከው።

አንድ ነገር ንገረኝ። እዛ ልጆች ፊት ያፈርከው በጋሼ ነው ወይስ መንገድ ዳር ማንጎ በምትሸጥ ጓደኛህ? ተወው፣ አትመልስ። አሁን ስለሱ አይደለም።

ጋሽ ደሞዜ የምንጫወትበትን ማሽን ሸጡት። የገዛው የሐራ ሰውዬ ዛሬ ሲመሽ መጥቶ ይወስደዋል፤ ውስጡ ያለው በሙሉ ጠፍቶ ነው የሚሄደው። ጋሼ አራተኛው ወንዝ ዳር፣ አስራ ሁለተኛው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። አንተ ልትሄድ ስትል እዛ ትተናቸው «ስመጣ አብረን እናሻግራቸዋለን» አልከኝ። ብሩክ እንዳይነካቸው ብለህ በአራት ቁጥር ቆለፍክባቸው። ቁጥሩን አልነገርከኝም። አልጠየቅኩህምም፤ ትመጣለህ ብዬ ነዋ።

ሦስት ሙከራ ነው የሚፈቅደው። መጀመሪያ የተወለድክበትን ዓመት አስገባሁ፤ እምቢ አለ። ቀጥዬ የኔን አስገባሁ። አትሳቅ! እምቢ አለ። ጋሽ ደሞዜ ፊቴን አይተው «ምነው ልጄ፣ ሙቀቱ ነው?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። አንድ ሙከራ ቀርቶኛል። እሱን ከሳትኩ ጋሼ በዛው ይጠፋሉ።

ለመኗቸው ብለህ አትምከረኝ፤ ለምኛቸዋለሁ። ማሽኑን ከሰዓት ላንቺ ትቼልሻለሁ ብለዋል። ከዛ በላይ ምን ያድርጉ?

ይቅርታ አልፈልግም። አምስተኛውን አንደኛ አድርገውም አላልኩህም፤ ባለቀ ጭንቅላትህ እንደፈለግክ ደርድር። አራት ቁጥር ብቻ ንገረኝ። ከፈለግክ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ አጠገቤ አስቀምጠዋለሁ፤ ሲሻገሩ ትሰማለህ፣ ልጃቸው በር ከፍቶ ምን እንዳላቸው እኔ እያየሁ አንተ ትተረጉማለህ። ብትሳሳትም ግድ የለኝም። ካልፈለግክ ደሞ ቁጥሩን ብለህ ዝጋው።

ይሄን ወረቀት የያዙልህ ጎረቤታችን እትዬ ወርቅነሽ ናቸው፤ ለገበያ ነው የመጡት፣ በሩ ላይ አታቁማቸው። በጋሽ ደሞዜ ስልክ ደውል፣ የሳቸውን እንኳን ብሎክ አላደረግክም፤ በሱ ስደውልልህ አታነሳም እንጂ። ከመግሪብ በፊት! ሰግጄ፣ በልቼ፣ ከዛ እደውላለሁ እንዳትል። ጋሼ በጨለማ ወንዝ አይሻገሩም፣ ሰውዬውም ሲመሽ ይመጣል።

እንግሊዝኛ ያልገባት፣
መቅደላ

ምን ታነባለህ ገና? ፀሐይዋ ሳትገባ ደውል!