በውሸት ሠርጋችን ላይ የደፋሁት ቀለም

ውድ አዶሎራታ፣

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈው ብለሽ አትጨነቂ። እኔው ነኝ፤ ኮዚሞ፣ የታራንቶው ዓሣ ሻጭ፣ ካጨሽ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው የደረሰው ሰው። በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። ፊደሎቹ ቢያምሩ አትገረሚ፤ እኔ የነካሁት ነገር መቼ አስጠልቶ ያውቃል?

አምና በግንቦት የፊልም ሰዎች ከሮም መጥተው እንደነበር አትረሺውም። ስለ ፍቅርና ጋብቻ የሚያስቅ ፊልም ሊሠሩ ነበር። ለሠርጉ ሙሽራና ሙሽሪት ሲፈልጉ ዳይሬክተሩ ከገበያው ሁሉ እኛን መረጠ። እኔን መረጠ ማለቴ ነው፤ አንቺ ምርቃት ነበርሽ። (ጫማሽን አትወርውሪ፣ ሩቅ ነኝ።) ነጩን ቀሚስ ለብሰሽ ስትወጪ የሰፈሩ ሴቶች «በፊልምም ቢሆን አገባት!» ብለው አጨበጨቡ።

ከዚያ ዳይሬክተሩ «አሁን ሙሽራው መዝገቡ ላይ ይፈርማል» አለ። ብዕሩን ያዝኩ። ወንድሞችሽ ከበውኛል፣ መብራቱ ፊቴን ይለበልበኛል። የቀለሙን ብልቃጥ ሆን ብዬ በክርኔ ገፋሁት፤ ቀሚስሽ ላይ ተደፋ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ዞሬ እጅ ነሣሁ።

«በውሸት ሠርግ እንኳን አታገባኝም ማለት ነው?» አልሽኝ ደጅ ላይ።

«ብልቃጡ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ?»

«ሂድ፣ ከዓሣህ ጋር ተጋባ!»

በሳምንቱ ቶሪኖ፣ እህትሽ ዘንድ ሄድሽ።

አዶሎራታ፣ መፈረም አልችልም ነበር። ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር። አባቴ መዝገብ ላይ በፊርማ ፋንታ መስቀል ሲጭር ሰዎች የሳቁበትን በልጅነቴ አይቻለሁ። አንቺ ያንን የሚያምር ፊርማሽን ካኖርሽ በኋላ፣ እኔ በወንድሞችሽ ፊት መስቀል ልጫር? ስለዚህ ሠርጉን በየዓመቱ ለከርሞ አልኩ። ባሕሩ ተናወጠ፣ ዓሣ ጠፋ፣ እናቴ ታመመች። ጤነኛዋን ሴትዮ ስንቴ አሳመምኳት!

ፊልሙ በመስከረም እኛ ዘንድ ሲታይ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ። ቀለሙ ሲደፋ ሲኒማ ቤቱ ተናጋ። የፊልሙ ትልቁ ሳቅ የኔ ነው፤ ይህን ማንም አይነጥቀኝም። ተነሥቼ እጅ ልነሣ ስል ግን ፊትሽን አየሁት። ቤት የሚያህል ፊት። አትስቂም ነበር። ብዕር የያዘውን እጄን ነበር የምታዪው፣ አሁንስ ይፈርማል ብለሽ። ያን ቀን ወደ ሕዝቡ ዞሬ ስለነበር አላየሁሽም። ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። መምህርቷ ኤልቪራ ለልጅነት ትደርሰኛለች።

«ሲኞር ኮዚሞ፣ ብዕሩን ምነው አነቁት? ዓሣ አይደለም፣ አያመልጥዎትም።»

«ዓሣ ቢሆንማ፣ ልጄ፣ እስካሁን በልቼው ነበር!»

በስድስት ወር ፈተናውን አለፍኩ። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። እሺ፣ ሦስተኛ። ከሰባት ሰው። አሁን የዓሣውን ስም ሁሉ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጽፌ መደቤ ላይ ሰቅያለሁ፤ መንገደኛው ቆሞ ያነባል።

ትናንት ወንድምሽ ኤጂዲዮ መደቤ ድረስ መጣ።

«አንተ ጉረኛ! አንድ የትራም ሾፌር እህቴን ለትዳር ጠይቋል። ለፋሲካ መልስ ትሰጠዋለች።»

«ታዲያ ለኔ ለምን ትነግረኛለህ?»

«ሰውየው አያስቅም» ብሎኝ ሄደ።

ሽርጤን ሳልፈታ ማዘጋጃ ቤት ገባሁ። የጋብቻ ማመልከቻውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። «ባል» በሚለው ሥር ስሜን ጻፍኩና ፈረምኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም! ሰው ሲፈርም ምን ይታያል? አዶሎራታ፣ ሲኒማ ቤት ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብልኝ እንዲህ አልኮራሁም። «ሚስት» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ወረቀቱን ይዤው እመጣለሁ።

የባቡሩንም ሰዓት ማንንም ሳልጠይቅ አነበብኩት። በሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት ቶሪኖ ጣቢያ እወርዳለሁ። እሺ ካልሽ ብዕር ይዘሽ ነይ። አልፈልግህም ካልሽም በወንድምሽ አትላኪብኝ። በወረቀት ጽፈሽ በእጄ ስጪኝ፤ እዚያው ቆሜ፣ ብቻዬን አነበዋለሁ።

ያንቺው፣
ኮዚሞ ላቴርዛ