ስትወድቂ የተሳልኩት ጥላ

ትሕትናዬ፣ እመ ብርሃን ከክፉ ሁሉ ትሰውርሽ። እኔና አባትሽ ደህና ነን፤ ጤፉም ዘንድሮ አምሮበታል።

የጎረቤታችን የዘሪቱ ልጅ ሂዊ ቫዮሊን የተጫወትሽበትን ቪዲዮ በስልኳ አሳየችኝ። እየመታሽ ስትሮጪ፣ ስትንበረከኪ ዝም ብዬ አየሁ። ድንገት ወለሉ ላይ ተዘርረሽ ድምፁ ጭጭ ሲል ግን እሪ አልኩ፤ «ልጄን አንሺልኝ» ብዬ ለመርጡለ ማርያም ጥላ ተሳልኩ። ወዲያው ብድግ አልሽ፤ ሰዉም አጨበጨበ። «ቴአትር እኮ ነው!» ብላ ሂዊ ሳቀችብኝ።

አባትሽ «ለቴአትር ስለት የለም» ይላል። እኔ ግን የተሳልኩት ከአንጀቴ ነው፤ ጥላውንም ገዝቼ አስቀምጫለሁ። እዚያ ወለል ላይ ስትተኚ ብርድ እንዳይመታሽ ደረብ አድርጊ። እግዚአብሔር የቆምሽበትን ያጽናልሽ። ለአስተርእዮ ማርያም ነይና ጥላውን ራስሽ አስገቢ፤ «ያነሳሽልኝን ልጅ ይዤልሽ እመጣለሁ» ብያታለሁ።

እናትሽ