ሌንሱን አትላከው

ውድ ወንድሜ ወልደሥላሴ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህን ያምህ የነበረው ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ራሔልስ፣ ትንሿ ትንሣኤስ ደህና ናቸው? ፍራንክፈርት ብርዱ ጀመረ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። እጄ ለጽሕፈት ስለሚዘገይ ይህን ስጽፍ ሦስት ቀኔ ነው። በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩ ቃለአብ እጅ ስለሚውል ነው፤ እሱ ደግሞ ይህን መስማት የለበትም።

ለጥላዬ ሙት ዓመት ሌንስ እንድትልክልን ለምኜህ ነበር። ልጄ ወደ ሊቢያ ሲሄድ በረሃ ላይ ቀረ፤ መቃብር እንኳ የለውም። የተወልኝ ነገር ቢኖር ከዘይት ቆርቆሮ የሠራቸው፣ ከአውራ ጣቴ የማይበልጡ ሎሪዎች ናቸው። ታናሹ ቃለአብ፣ ፎቶ አንስተን አሳድገን ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እንስቀላቸው፣ ሰው የወንድሜን እጅ ይይ ሲለኝ ደስ አለኝ።

ሌንሱን ለመምረጥ ማክሰኞ ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር፣ ፎቶ ቤት ያለው ሙሄዲን ዘንድ ሄድን። ቀልደኛ ሰው ነው። እኔ አጠር ያለውን፣ ሃምሳ የሚሉትን ሳነሳ፣ "ያ ኡሚ፣ እናቴ፣ በዚህ ከሆነ ካሜራው ራሱ ሎሪው ላይ መሳፈር አለበት" አለኝ። በጣም ስለሚጠጋ ብርሃኑን ይጋርዳል ማለቱ ነው። መቶው ግን ራቅ ብሎ ያነሳል። ከፊትም ከኋላም እንዲጠራ የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ፣ ካሜራውንም በሦስት እግር ማቆም ያስፈልጋል አለ። ከዚያ የራሱን መቶ ገጥሞ ቃለአብ ካመጣቸው ሎሪዎች አንዱን አነሳና በኮምፒውተር አሳደገልን።

ወንድሜ፣ ምነው ባላየሁት። ሎሪው ላይ ከክብሪት እንጨት የተሠሩ ሰዎች ተጭነዋል። ጥላዬ ሰው ሠርቶ አያውቅም። ዳር የተቀመጠው አረንጓዴ ሸሚዝ ለብሷል፤ አንዱ እጅጌው ነጭ ነው። የቃለአብ ሸሚዝ ተቀዶ ያን ነጭ እጅጌ የሰፋሁለት እኔ ነኝ፣ ባለፈው ፋሲካ። ሙሄዲን ቀለም የነካውን ጣቱን እያየ፣ ይሄ ቀለም ገና አልደረቀም እኮ ብሎ ሳቀ። ቃለአብ አልሳቀም።

ቤት ስንገባ ጠየቅሁት። አልካደም። ጀብራ ከሚኖር፣ ወደ ሊቢያ ከሚያሻግር ደላላ ጋር ተነጋግሯል። "እማዬ፣ የወንድሜን ሥራ ሳላነሳ አልሄድም፤ ሌንሱ ከመጣ ግን ኸላስ፣ አበቃ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ በራችን ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ብድግ ብዬ በመስኮት አያለሁ።

እባክህ ሌንሱን ገዝተህ ከሆነ አትላከው። አልልክም ግን አትበለው፤ ያኔ ተስፋ ቆርጦ ይነሳል። ዝም ብለህ ጠይቀው። መቶው ይሻላል ወይስ ዘጠናው በለው። ለካሜራህ የትኛው ይገጥማል በለው። አዲስ ይሁን ያገለገለ በለው። ሲመልስልህ ሌላ ጠይቀው፤ ስለ ሌንስ ከጠየቁት ወሬ አይጠግብም። ሙት ዓመቱ ያለ ፎቶ ይለፍ፤ ጥላዬ ይቅር ይለኛል።

ራሔልን እቀፍልኝ። ትንሣኤን ግንባሯን ሳምልኝ። ቃለአብ ስጽፍ አይቶኝ፣ አጎቴን ሰላም በይልኝ፣ ሌንሱንም እንዳይረሳ ንገሪልኝ አለኝ። ይኸው ነግሬሃለሁ።

እህትህ እጅጋየሁ
ካርቱም፣ ጀሪፍ
ጥቅምት 8 ቀን 2009 ዓ.ም.