ቀልዱ የእኔ ነበር

ጎንደር፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቢያዝን፣ በግዞት ወዳለህበት ወደ ጎሬ።

ልጄ ሆይ፣ የጎሬ ዝናብ አያባራም ይላሉ፤ ደረትህን እንዴት አደረገህ? እኛ፣ እኔን ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር፣ ደኅና ነን። እናትህ ሸዋአየሁ ጋቢ ሠርታልሃለች።

እዚህ ቴሌቪዥን ስለሌለ ሥራህን አንድ ቀን እንኳ አላየሁም። ቅኔ ከእኔ ተምረህ አዲስ አበባ ስትሄድ መምህር ሆነህ ትመለሳለህ ስል፣ ሹማምንቱን በቴሌቪዥን ፊት ለፊትህ አስቀምጠህ እያዋዛህ የምትጠይቅ ሆንህ። የጨርቅ ነጋዴው አለነ ከዚያ በመጣ ቁጥር እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ሻይ ቤት ቁሞ ያልኸውን ሲደግመው ሰው በሳቅ ይፈርስ ነበር። እኔም ጥግ ይዤ በኩራት እሰማለሁ።

የዳኛውን ቀልድ ያወራ ዕለት ግን አልሳቅሁም። "ዳኛው ሞቶ ሰማይ ደጅ ሲደርስ በረኛው፣ 'ነገ ተመለስ' አለው። 'ይህን ቃል ማን አስተማረህ?' ቢለው፣ 'አንተ ስታመላልሰው የሞተው ባላገር ሁሉ ቀድሞህ ገብቶ ነግሮን ነው' አለው።"

ይህን የሰማኸው በፋሲካ፣ ከእኔ አፍ፣ በእኔ ማዕድ ነው።

አንድ ትልቅ ሰው "እኔን ነው" ብለው ተቆጡና አሳሰሩህ። "ከማን ሰማኸው?" ሲሉህ "ከራሴ ነው" አልህ አሉ።

በኅዳር እኔንም አስጠሩኝ። መርማሪው አላመናጨቀኝም፤ ወንበር ሰጠኝ።

"መሪጌታ፣ ልጅዎ ይህን ከማን ሰማ?"

"እኔ ያስተማርሁት ዳዊትና ቅኔ ነው። ሌላውን አላውቅም" አልሁት።

"ይህን ብቻውን አላወጣውም፤ እንግዲያ ከኋላው ማኅበር አለ ማለት ነው" ብሎ ጻፈ። አድመኛ ተብለህ ጎሬ የተጋዝኸው በዚያ ቃሌ ነው።

እናትህ ከደጅ ሆና ሰምታለች። ቤት ስንገባ "ምነው?" ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምግቤን ታቀርብልኛለች እንጂ አብራኝ አትቆርስም።

"ብታሰር ተማሪዎቼ ይበተናሉ ብዬ ነው" እያልሁ አራት ወር ራሴን ሸነገልሁ። ፈርቼ ነው፣ ልጄ።

አለነ ይህን ደብዳቤ በሰው እጅ ላድርስልህ ብሎኝ ነበር። እንቢ አልሁት። በፖስታ ቤት የሚሄደውን የግዞተኛ ደብዳቤ ሹሞቹ ከፍተው ያነቡታል፤ ያንብቡት፣ ቀልዱ የማን እንደ ነበር ይወቁ።

የአባቶቼ አምላክ በሄድህበት ይከተልህ፤ ለአገርህ አፈር ያብቃህ።

አባትህ፣ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ አድማሴ
ቤቴ ከቅዳሜ ገበያ በታች፣ ከቅኔ ቤቱ አጠገብ ነው። ከቅዳሴ መልስ ከዚያ አልጠፋም።