የጥዱ ጉንዳን እናት

ግንቦት 18 ቀን 1931፣ ዓርብ

ዛሬም ጉንዳን ለቀማ። ሦስት ጠርሙስ ሞላ። አረቄው ውስጥ ሲገቡ ይንፈራገጣሉ፤ ከዚያ ዝም። ደብተሬ ሆይ፣ አትሳቅብኝ። ት/ቤቴ ከተዘጋ ወዲህ እንጀራዬ ይኸው ነው፤ ለጣሊያኑ የነፍሳት ሊቅ፣ ለዶቶሬው፣ ጉንዳን መልቀም። ሰፈሩ ባንዳ ይለኛል። ይበል።

ራሰ ትልቁንና ራሰ ትንሹን ለየብቻ ከትቼ ሁለት ዘር አገኘሁ ብዬ ነበር። ዶቶሬው ሆዱን ይዞ ሳቀ። የአንድ እናት ልጆች ናቸው አለኝ። አፈርኩ። የቀለሙ ነገር ግን ለእሱም ቋጠሮ ነው። በአንበሳሜ በኩል የለቀምኩት ደረቱ ቀይ። የደብረ ታቦሩ ጥቁር፣ ከሰል። ጣራ ገዳም ጫካ ውስጥ ሁለቱም አሉ። አንድ ዘር ነው ሁለት? እናቲቱ ካልታየች አይታወቅም ይላል። እኔንም እንቅልፍ ነሳኝ። አገኛታለሁ።

ግንቦት 22፣ ማክሰኞ፣ 12 ሰዓት

ቤታቸው ተገኘ። የደብራችን ትልቁ ጥድ! ግንዱ ላይ ማር ቀባሁ። በሉ፣ በሉና ሰልፍ ይዘው ወደ ደረቀው ቅርንጫፍ፤ እዚያ ካለች ቀዳዳ ጥልቅ። ከሥሩ የእንጨት ብናኝ። ይቦረቡሩታል እንጂ አይበሉትም።

ደስታዬ አልቆየም። የነፍስ አባቴ፣ አባ ወልደ ሐና፣ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። በቅጥሩ ውስጥ ዛፍ የሚቀባ ሰው ሲያዩ ምን ይበሉ? አድባር ስትለማመን ያዝኩህ አሉኝ። ጉንዳን ፍለጋ ነው ብላቸው ባሰባቸው። ቀኖና ሰጡኝ፤ በየማለዳው ስግደት። ጉልበቴን ከወዲሁ አመመኝ።

ግንቦት 23፣ ረቡዕ

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ምን አስለፈለፈኝ። ቦታውን ለዶቶሬው ነገርኩት፤ እንዲያመሰግነኝ። መጋዝ የያዙ ሰዎች ይዤ እመጣለሁ፣ ግንዱን ሰንጥቀን እናቲቱን እናወጣለን አለ። ክው አልኩ። የደብር ዛፍ ጭራሮው እንኳ ያለ ካህናቱ ፈቃድ አይነካም። አያቶቼ ከሥሩ ተቀብረዋል። ያሳየሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም።

ለመንኩት። ዝናብ ሲጥል ክንፍ ያላቸው እንደሚወጡ፣ ሴቶቹም የነገ እናቶች እንደሆኑ ራሱ ነው የነገረኝ። አንዷን ይዤ አመጣለሁ፣ ዛፉን ይተዉት አልኩት። ወደ ጎንደር ሊዛወር ነው፤ ቸኩሏል። እስከሚመጣው ረቡዕ ማለዳ ሊታገሠኝ ተስማማ። ሰማዩ ላይ ቁራጭ ዳመና የለም። ባይኖርም እጠብቃለሁ።

ግንቦት 26፣ ቅዳሜ

ፀሐይ። ፀሐይ ብቻ። ሁሉን ለአባ ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አልረገሙኝም። ክንፋሞቹ በየት በኩል እንደሚወጡ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁኝ። ጃንጥላቸውን ይዘው መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ።

ዝናብ እንዲጥል እግዚኦታ ይድረስልኝ ብላቸው፣ እግዚኦታው ለገበሬው ነው፣ ጉንዳኑም ከገበሬው ጋር ይደርሰዋል አሉ። ስግደቱስ ቀረልኝ? አይቀርልህም። እኝህ ሰውዬ!

ግንቦት 29፣ ማክሰኞ

ዘነበ። ከሰዓት በኋላ፣ ዶፍ። ሲያባራ ክንፋሞቹ እንደ አሸን ፈሉ። እኔ በኩታዬ፣ አባ ጃንጥላቸውን ገልብጠው። አንዲት ትልቅ ሴት ያዝን። የዚህ ቤት ሠራተኛ ጉንዳኖች ሁሉ ጥቁር ናቸው፤ የእሷ ደረት ቀይ፣ የአንበሳሜው ቀይ። አንድ ዘር ናቸው! ከዚህ እስከ አንበሳሜ፣ እስከ ጣራ ገዳም፣ አንድ። አባን አቅፌ ዘለልኩ፤ ቆባቸው ወደቀ።

በሕይወቷ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ ወደ ዶቶሬው ሮጥኩ። አጉሊ መነጽሩን ደቅኖ አየ። አረቄውን አቀረበ። መጋዙስ ቀረ? አልኩት። አቀረቀረ። ስለ ዛፉ ለጣሊያኖቹ ሹም አውርቶ ኖሯል። ሹሙ ለድልድይ ግንድ ይፈልጋል፣ ነገሩ ከእጄ ወጥቷል አለ።

ጠርሙሱን መንጭቄ ኪሴ ከተትኩ። ሹሙን ዛፉን አስተወው፣ ያን ጊዜ ትወስዳታለህ አልኩት። አንተ ብዬው ማውራቴን ያወቅሁት ኋላ ነው። ሥራህን ታጣለህ አለኝ። ልጣ። ወታደር እጠራለሁ አለ፤ አልጠራም። ወደ ሹሙ ሊሄድ ባርኔጣውን ሲያነሳ ትቼው ወጣሁ። ተናድጃለሁ፤ ፈርቻለሁም።

ግንቦት 30፣ ረቡዕ፣ ንጋት

ከጥዱ ሥር ነኝ። አባ ከጎኔ፣ የደብሩ ሰው ከኋላችን። ባንዳ ያሉኝም መጥተዋል። ጠርሙሱ በግራ እጄ፤ በቀኜ እጽፋለሁ። ዶቶሬው ብቻውን ከመጣ የእሱ ናት። መጋዝ አስከትሎ ከመጣ ክዳኑን ከፍቼ እለቃታለሁ፣ መጋዙም ከእኔ ይጀምር። ቆርጫለሁ።

የመኪና ድምፅ። ዳገቱን ጨርሳለች። ከኋላ መጋዝ የያዙ ሰዎች ይኑሩባት አይኑሩባት ገና አልለየሁም፤ አባ ተነሱ፣ እኔም ብዕሬን ጥዬ ክዳኑን ልይዝ ነው።