የቢሮአችን ካዝና ቁልፍ ሠሪ ይፈልጋል

ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ጉልበትህን በብርድ የሚያምህ ተሻለህ? መነጽሩንስ ታደርገዋለህ ወይስ አሁንም ቁልፉን በጣትህ እየዳበስክ ነው የምትሞርደው? እማዬ እንዴት ናት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ደስታ ሊገድለኝ ነው። ቁጭ ብለህ አንብበው።

የአገር አቀፍ ወንጀል ምርመራ ቢሮ ተቀጠርኩ ስልህ ፊትህ እንዴት እንደጠቆረ አልረሳውም። እውነትህን ነበር። በከተማችን አንድ በር ሳይሰበር ተከፍቶ ባደረ ቁጥር መጀመሪያ የሚንኳኳው ያንተ ሱቅ ነው። ስትሸኘኝ እንኳ «አፌን ሳይሰሙ እጄን አይተው የሚፈርዱብኝ ሰዎች ዘንድ ልትሄጂ ነው» ብለኸኝ ፊትህን አዞርክ።

ይኸው እኔም የጣት አሻራ ክፍል ገብቼ እጅ ሳይ እውላለሁ። ቢሮው ዘንድሮ የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ሽር ጉድ ላይ ስለሆነ ታሪኩን ጠዋት ማታ ይግቱናል። ሲመሠረት አራት ሰዎች፣ አንድ ክፍልና አንድ ብስክሌት ብቻ ነበሩ አሉ። ያኔ የየከተማው ፖሊስ ስለማይነጋገር፣ እዚህ የሰረቀ እዚያ ሄዶ ጨዋ ሆኖ ይኖር ነበር። የአገሩን ሌባ ሁሉ አሻራ አንድ ቦታ ለመሰብሰብ ነው የተቋቋመው። ዛሬ ደም የሚመረምር፣ የተቃጠለ ቤት አመድ የሚያጠና፣ ሐሰተኛ ብር የሚለይ ሁሉ አለን፤ ፎቁ ጠቦናል። ጡረታቸው የደረሰው የክፍላችን ኃላፊ፣ ቁጡ ሴትዮ ናቸው፣ ቢሮው የቆመው ሌባ ለመያዝ ብቻ ሳይሆን ሌባ ያልሆነውን ለማስፈታትም ነው ይላሉ። እኔ ለበዓል የሚባል ነገር መስሎኝ ነበር።

ከዚያ የአንድ ቁልፍ ሠሪ ጉዳይ መጣ። አንድ ወርቅ ቤት በሩ ሳይሰበር ተዘረፈ፤ የበሩን ቁልፍ የሠራው እሱ ነውና ታሰረ። በበሩ መስታወት ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ አሻራ ተገኝቷል። የእሱ አይደለም፤ እኛ ጋ ካለውም ከማንም ጋር አልገጠመም። የገበያተኛ ይሆናል ተብሎ ተተወና ሰውየው እስር ቤት ቀረ። አባዬ፣ ያን ጉዳይ ስይዝ ዓይኔ ላይ የነበርከው አንተ ነህ።

የአሻራውን ፎቶ ደጋግሜ ሳየው ጥግ ላይ መስታወቱ ላይ ከተጻፈው የሱቁ ስም ጥቂት ፊደላት ገብተዋል፤ ቀጥ ብለው ይነበባሉ። ከውስጥ ቢነሳ ኖሮ ተገልብጠው ነበር የሚታዩት። ለካ ፎቶ አንሺያችን ውጭ ቆሞ በመስታወቱ አሳልፎ ነው ያነሳው! የአሻራው ግራና ቀኝ ተቀያይሮ፣ የሌለ ሰው ስንፈልግ ከርመናል። ገልብጬ ስፈልገው ሌላ ከተማ በስርቆት ተይዞ የነበረ ሰው ወጣ። በደንባችን ሁለተኛው መርማሪ የመጀመሪያውን ሐሳብ ሳይሰማ ለብቻው ነው የሚያየው። ኃላፊዬ በራቸውን ዘግተው ሲያዩ እኔ ኮሪደር ላይ ጥፍሬን ስበላ ቆየሁ። ወጥተው «እሱ ነው» አሉኝ። እዚያው አለቀስኩ። ሌባው ከነወርቁ ተያዘ፤ ቁልፍ ሠሪውም ቤቱ ገባ።

አሁን ዋናውን ስማ። ከመሥራቾቹ ዘመን የቀረ፣ ቁልፉ የጠፋ ካዝና አለን። ለበዓሉ ይከፈት ቢባል ይሄ ሁሉ መርማሪ ተሰልፎ አቃተው። ቁልፍ ሠሪው ሊያመሰግን ሲመጣ ኃላፊዬ እስቲ ሞክርልን አሉት። እጁን ኪሱ ከተተና «ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ ማንን ልትይዙ ነው?» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱ አልሳቀም። እኔም ከአፌ አምልጦኝ አባቴ ይከፍተዋል አልኩ። ኃላፊዬ በክብር እንግድነት ይምጡ፣ በር ላይ ቆሜ እቀበላቸዋለሁ አሉ። ሰውየውም እሳቸው ከመጡ መብራት እይዝላቸዋለሁ አለ።

የቢሮው መኪና ከአውቶቡስ መናኸሪያ ይወስድሃል፤ የምትቀመጠው ፊት ወንበር ላይ ነው።

እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ። ታላቅ ወንድሜን ሱቁን እንዲጠብቅ ንገረው፤ አክስቴን ጸሎትሽ ደርሷል በልልኝ፤ ሕፃኗን እቀፍልኝ። አንተ ሞረድህን ይዘህ ና፣ አባዬ። አሁን እጅህን አይተው ይፍረዱ።

ልጅህ
ከአሻራ ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ
ከበዓሉ በፊት ባለው ወር፣ አርብ ከሰዓት በኋላ